ጭነት የማይሸፍነው ፍሬቻ

ለሞተር ብስክሌት ተጨማሪ የምልክት መብራት ስለ መምረጥ፣ ስለ መግጠምና ስለ መሸጥ፤ ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ቆቦና ወደ አላማጣ የሚሄደው አውራ ጎዳና ጎብዬን አቋርጦ ያልፋል። በምዕራብ የደጋው ተራራ፣ በምሥራቅ የዞብል ጋራ የሚያዋስኑት ይህ የራያ ቆላ ሜዳ፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ በሚያድግበት ወራት ከእርሻ ወደ አስፋልቱ የሚወጡት ቀጫጭን መንገዶች ሁሉ ከዓይን ይሰወራሉ። ፀሓይ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ስትገባ፣ ሰማዩ ገና ብሩህ ሳለ ሜዳው ጥላ ይለብሳል። በዚያችው ሰዓት ከብት ከግጦሽ፣ ገበሬ ከማሳ፣ ነጋዴ ከገበያ ይመለሳል፤ የከባድ መኪናም ሾፌር ሳይመሽበት ካሰበው ከተማ ለመድረስ ይፋጠናል። በእነዚህ ሁሉ መካከል የሚያልፈው ሞተር ብስክሌት ከሁሉ ይልቅ ቀጭን፣ ከሁሉም ይልቅ ከዓይን የሚያመልጥ ነው።

ሞተር ብስክሌት፣ ወይም ሕዝቡ በልማድ እንደሚጠራው ዶቅዶቄ፣ በእንዲህ ያለው አገር የመዝናኛ ዕቃ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት፣ የውሃና የነዳጅ ጀሪካን፣ የሽንኩርትና የቲማቲም ሣጥን፣ የማሽላ አገዳ፣ አንዳንድ ጊዜም በግና ፍየል ሳይቀር ይጫንበታል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ፋብሪካው የኋላውን ፍሬቻ የገጠመው ያለ ጭነት ለሚሄድ ሞተር ብስክሌት ነው። ከረጢቱ በግራና በቀኝ ሲንጠለጠል፣ ወይም ከኋላ የተቀመጠው ሰው ጋቢ ሲወርድበት፣ ፍሬቻው ይበራል እንጂ አይታይም። ሞተረኛው ምልክት ሰጥቻለሁ ብሎ ያምናል፤ ከኋላው የሚመጣው ሾፌር ግን ምንም ምልክት አላየም። እንግዲህ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ተጨማሪ ፍሬቻ የሚገጠመው መብራት ለማብዛት ሳይሆን፣ የተሸፈነው ምልክት እንደገና እንዲታይ ለማድረግ ነው። ይህን ዓላማ የማይፈጽም ዕቃ ዋጋው ቢረክስም ውድ ነው።

1ኛ. ሞተር ብስክሌት ስለ ምን ሳይታይ ይቀራል

የመንገድ አደጋን የመረመሩ ሊቃውንት በልዩ ልዩ አገር የደረሱበት ውጤት ተቀራራቢ ነው። በፕሮፌሰር ሃሪ ሃርት መሪነት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በየቦታው ተገኝቶ የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው የአሜሪካ ጥናት፣ ሞተር ብስክሌትና ሌላ ተሽከርካሪ በተጋጩ ጊዜ በአብዛኛው ቅድሚያ የነፈገው የሌላው ተሽከርካሪ ነጂ መሆኑን ገለጠ። ምክንያቱም ሞተር ብስክሌቱን አለማየቱ ወይም ዘግይቶ ማየቱ ነበር።

የዚህ ነገር ሥሩ የዓይን ጠባይ ነው። መኪና በፊቱ ሁለት የተራራቁ መብራቶች አሉት፤ እየቀረበ ሲመጣ በመካከላቸው ያለው ስፋት ለዓይን እያደገ ስለሚሄድ፣ ተመልካቹ ርቀቱንና ፍጥነቱን ይገምታል። ሞተር ብስክሌት ግን በሌሊት አንድ ነጥብ ብርሃን ብቻ ነው። አንድ ነጥብ ደግሞ ቅርብ ይሁን ሩቅ፣ የቆመ ይሁን የሚመጣ ለመለየት ያስቸግራል። በግራና በቀኝ ተራርቀው የተቀመጡ መብራቶች ይህን ጉድለት በከፊል ይሞላሉ።

ስለዚህ ልዩ ልዩ መንግሥታት ሞተር ብስክሌት በቀንም እንዲታይ ደንብ አውጥተዋል። ማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ1992 ሞተረኞች በቀን የፊት መብራታቸውን አብርተው እንዲነዱ አዘዘች። ሕንድም ከመጋቢት 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሯ የሚሸጡ አዳዲስ ባለሁለት ጎማዎች፣ ሞተራቸው ሲነሣ የፊት መብራታቸው ያለ ማብሪያ ራሱ እንዲበራ ደነገገች። ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት ሞተር ብስክሌቶች ብዙዎቹ የሕንድ ሥራ ስለ ሆኑ ይህ ለአስመጪው ቁም ነገር ነው፤ ለውጭ ገበያ የሚሠራው ዕቃ ለአገር ውስጥ ከሚሠራው ሊለይ ስለሚችል፣ ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ይህ ነገር መኖሩን መጠየቅ ይገባዋል።

በኒው ዚላንድ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ አንጸባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱ ሞተረኞች ካልለበሱት ይልቅ የመጎዳት ዕድላቸው በ37 ከመቶ፣ በቀን የፊት መብራት ያበሩት በ27 ከመቶ፣ ነጭ የራስ ቁር ያደረጉት ጥቁር ካደረጉት ይልቅ በ24 ከመቶ ያነሰ ሆኖ መገኘቱን አመልክቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ታይነት በአንድ ዕቃ ብቻ የሚገዛ አለመሆኑ ነው። ፍሬቻ የሞተረኛውን ሐሳብ ይናገራል፤ የፊት መብራት፣ አንጸባራቂና ልብስ ደግሞ መኖሩን ያስታውቃሉ።

2ኛ. የሰከንድ ሒሳብ

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ምልክቱን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር አልፏል። ጭነት የያዘ መኪና ፍሬኑ ደኅና ቢሆንም እንኳ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 30 ሜትር ያህል ያሻዋል። በድምሩ 55 ሜትር መሆኑ ነው። ከተራራ የወረደ ጎርፍ አሸዋና ደለል በመንገዱ ላይ ጥሎ የሄደ እንደ ሆነ ርቀቱ ከዚህም ይበልጣል።

እንግዲህ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተረኛ ከመታጠፉ አምስት ሰከንድ ቀደም ብሎ ፍሬቻ ቢያበራ ምልክቱን የሰጠው ከመታጠፊያው 55 ሜትር ርቆ ነው። ይህ ለአራሹም ለነጋዴውም የሚከብድ ትዕግሥት አይደለም። ነገር ግን በአምስቱ ሰከንድ ውስጥ ፍሬቻው በከረጢት ተሸፍኖ ከቆየ ሒሳቡ ሁሉ ባዶ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሠጋው ወደ ግራ መታጠፍ ነው። ኢትዮጵያ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ ተሽከርካሪዎች በመንገዱ ቀኝ እንዲሄዱ ስላደረገች፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሞተረኛ ከፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና መንገድ ያቋርጣል፤ ከኋላው የሚመጣውም በዚያው በግራ በኩል ሊቀድመው ይነሣል። በጎብዬ አካባቢ አውራ ጎዳናው በጠቅላላው ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሚሄድ፣ ከእርሻው የሚወጡትና ወደ እርሻው የሚገቡት ብዙዎቹ መንገዶች ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያቀናሉ። በማታ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው ሞተረኛ ፀሓይዋ በዓይኑ ትገባለች። ስለዚህ ራሱ በደንብ በማያይበት ሰዓት በሌሎች መታየቱ እጅግ ያስፈልገዋል።

3ኛ. ቀለም፣ ቦታና ብልጭታ

የመንገድ መብራት ቋንቋ ነው፤ ቃሉ ሁሉ ለአንድ ትርጕም የተመደበ ነው። ብርቱካናማ ብልጭታ «ልታጠፍ ነው» ይላል። ከኋላ የሚታይ ቀይ «እዚህ ነኝ» ወይም ድምቀቱ ሲጨምር «ፍሬን ይዣለሁ» ይላል። ነጭ ብርሃን ከፊት ይመጣል። የሚሽከረከር ወይም የሚብለጨለጭ ሰማያዊና ቀይ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋ ተከላካይና ለአምቡላንስ የተጠበቀ ነው። እንግዲህ ሞተር ብስክሌቱን እንደ ሠርግ ድንኳን በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በሐምራዊ መብራት የሚያስጌጥ ሰው ይታያል፤ ነገር ግን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅለትም። ወደ ፊት የተተከለ ኀይለኛ ፓውዛም እንዲሁ ነው፤ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን አጥፍቶ ያንኑ ፍሬቻ እንዳያይ ያደርገዋል።

ስለ ቦታው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 53 ጥሩ መመሪያ ይሰጣል። በዚህ ደንብ መሠረት የፊት ፍሬቻዎች እርስ በርሳቸው ቢያንስ 240 ሚሊ ሜትር፣ የኋላዎቹ ቢያንስ 180 ሚሊ ሜትር መራራቅ አለባቸው፤ ከመሬት ያላቸው ከፍታም ከ350 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ከ1200 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ይሆናል። ብልጭታው በደቂቃ ከ60 ያላነሰ፣ ከ120 ያልበለጠ መሆን ይገባዋል። ከዚህ የፈጠነ ብልጭታ እንደ ብልሽት ይታያል፤ ከዚህ የዘገየውም ሾፌሩ በጨረፍታ በሚያይበት ቅጽበት ጠፍቶ ሊያመልጠው ይችላል።

ጭነት ለሚይዝ ሞተር ብስክሌት ተስማሚው ቦታ የኋላው የዕቃ መጫኛ የመጨረሻ ጠርዝ ነው። ከብረቱ ጋር በተያያዘ አጭር ክንድ ላይ፣ ከረጢቱ ከሚያርፍበት ወደ ኋላና ወደ ጎን ወጣ ብሎ፣ ሆኖም ከመሪው ስፋት ሳያልፍ ይተከላል። የፊቱ ተጨማሪ በመሪው ሹካ ወይም በመሪው ዳርና ዳር ሊሆን ይችላል። የፋብሪካው ፍሬቻ አይነቀልም፤ ተጨማሪውም ከእርሱ ጋር በአንድ ወገን፣ በአንድ ጊዜ ይበራል፣ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። የመጨረሻው ዳኛ ዓይን ነው። ሞተር ብስክሌቱ በሥራ ቀን እንደሚጫነው ሁሉ ተጭኖ፣ አንድ ሰው 30 እርምጃ ወደ ኋላ፣ ቀጥሎም ወደ ጎን ቆሞ ይመልከት። ያልታየው መብራት ቦታው ይለወጣል።

4ኛ. የኤሌክትሪኩ ሒሳብ

ባለሱቅ ይህን አጭር ሒሳብ ቢያውቅ ብዙ ጠብ ይቀርለታል። የዋቱ ብዛት ለቮልቱ ሲካፈል አምፔሩን ይሰጣል። በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ባለ10 ዋት አምፑል ያላቸው አራት ፍሬቻዎች ያሉት ሞተር ብስክሌት እንደ ምሳሌ ይወሰድ። ወደ ግራ ሲያመለክት ሁለት አምፑሎች ስለሚበሩ 20 ዋት፣ ማለት 1.7 አምፔር ያህል ይወስዳል። በዚያው ወገን ሁለት ተመሳሳይ አምፑሎች ቢጨመሩ 40 ዋት፣ ማለት 3.3 አምፔር ይሆናል። በአምፑሎቹ ፈንታ እያንዳንዱ 2 ዋት የሚወስድ ኤል ኢ ዲ ቢጨመር ግን ድምሩ 24 ዋት፣ ማለት 2 አምፔር ብቻ ነው። ትንሽ ባትሪና ትንሽ ዲናሞ ላለው ሞተር ብስክሌት ኤል ኢ ዲ የሚመረጥበት ምክንያት ከዚህ ይታያል።

ብልጭታውን የሚሰጠው ፍላሸር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው። ፍላሸር የተሠራው በላዩ ላይ ለተጻፈው የዋት መጠን ነው። ከልኩ በላይ ሲጫንበት ይግላል፣ ይቃጠላል። በአሮጌው ዓይነት ፍላሸር ላይ የቀድሞዎቹ አምፑሎች ወጥተው ኤል ኢ ዲ ብቻ ሲገባ ደግሞ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ስለሚያንስ፣ መብራቱ ከልክ በላይ ይፈጥናል፣ ወይም ሳይብለጨለጭ በርቶ ይቀራል፣ ወይም ጨርሶ አይበራም። ደንበኛው ይህን ሲያይ «ኤል ኢ ዲው የተበላሸ ነው» ብሎ ይመልሰዋል፤ የጎደለው ግን ለኤል ኢ ዲ የሚሆን ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ነበር። መብራቱን ሸጦ ፍላሸሩን ያልሸጠ ነጋዴ ዕቃውን በከፊል እንደ ሸጠ ይቈጠራል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በብዙ ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች የፊት መብራቱ በቀጥታ ከዲናሞው በሚመጣ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲሠራ፣ ፍሬቻው ከባትሪ በሚመጣ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ተጨማሪው ፍሬቻ የሚያያዘው ከነባሩ የፍሬቻ ሽቦ ጋር እንጂ ከፊት መብራት ሽቦ ጋር አይደለም።

5ኛ. የአገጣጠሙ ሥርዓት

ሥራው እውቀት ባለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቢደረግ ይመረጣል፤ ባለቤቱም ሆነ ባለሱቁ ግን ቅደም ተከተሉን ማወቅ አለባቸው።

አንደኛ፣ የባትሪው ገመድ መጀመሪያ ከአሉታው ጫፍ ይፈታል። ሁለተኛ፣ የግራና የቀኝ ፍሬቻ ሽቦዎች በቀለማቸው ይለያሉ፤ ቀለሙ እንደየፋብሪካው ስለሚለያይ በቴስተር ይረጋገጣል። ሦስተኛ፣ ተጨማሪው መብራት ከነባሩ ሽቦ ጋር ጎን ለጎን ይያያዛል፤ የመሬቱ ሽቦም ቀለም ወይም ዝገት በተፋቀለት ንጹሕ የሻንሲ ብረት ላይ በቡሎን ይጠብቃል። በብዙ ቦታ መብራት የሚደክመው ይህ የመሬት ሽቦ ስለሚላላ ነው። አራተኛ፣ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ የተሸፈነ መጋጠሚያ የቆላ ሙቀት ሙጫውን ስለሚያቀልጠውና አቧራም ስለሚገባበት አይበረክትም፤ በመቆንጠጫ የሚጠብቅ፣ በጎማ ሽፋን የሚታሸግ ማያያዣ ይሻላል። አምስተኛ፣ ሽቦው ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ መሪው ሲዞር ሳይወጠር፣ ከሰንሰለቱም ሳይነካካ ይታሰራል። ስድስተኛ፣ ፊውዙ ከፋብሪካው ልክ በላይ አይደረግም። ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል በትልቅ ፊውዝ ወይም በመዳብ ክር መተካት ጉዳቱን ከፊውዝ ወደ ሽቦው ማዛወር ብቻ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት እየሠራ፣ መብራቶቹ ሁሉ በርተው ባትሪው በቴስተር ይለካል። በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ልኩ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ቢሆን መልካም ነው። ከ13 በታች የሚወርድ ከሆነ ዲናሞው የተጨመረውን ሸክም አልቻለም ማለት ስለ ሆነ፣ አምፑሎቹ በኤል ኢ ዲ መተካት አለባቸው።

የሞተር ብስክሌት ፍሬቻ በአብዛኛው እንደ መኪና ከታጠፉ በኋላ ራሱ አይጠፋም። ተረስቶ የሚበራ ፍሬቻ ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ በደመቀ መጠን ጉዳቱም ይበዛል። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ያለችው ትንሽ አመልካች መብራት መሥራቷ ከተጨማሪው ፍሬቻ ጋር አብሮ መታየት አለበት።

6ኛ. የአስመጪውና የባለሱቁ ድርሻ

አስመጪው ትእዛዝ ሲጽፍ «የሞተር ብስክሌት ፍሬቻ» ብሎ ብቻ መጻፉ አይበቃውም። ቮልቱን፣ ዋቱን፣ ቀለሙን፣ የሚገጠምበትን የሞተር ብስክሌት ዓይነትና የሚስማማውን ፍላሸር መግለጥ አለበት። በዓለም አቀፍ ደንብ ተመርምሮ የጸደቀ መብራት በመስተዋቱ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን ፊደል «ኢ» እና የአገር ቁጥር አለበት፤ በአጠገቡም 11 የሚል ቁጥር ካለ የፊት፣ 12 ካለ የኋላ የሞተር ብስክሌት ፍሬቻ መሆኑን ያመለክታል። የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃው አይፒ 67 የሆነ መብራት አቧራ አያስገባም፤ በአንድ ሜትር ውሃ ውስጥም ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል። ጎርፍ በሚሻገርበትና አቧራ በሚበዛበት ቆላ ይህ ደረጃ ትርፍ ነገር አይደለም።

ምልክት ሊመሰል ስለሚችል ናሙና መፈተን ይገባል። ከናሙናው ጥቂቱ በቀትር ፀሓይ በርቶ ከ50 እርምጃ ይታይ፤ በባልዲ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ተነክሮ ይውጣና እንደገና ይብራ፤ ክንዱም በእጅ ይታጠፍ። ይህ ፈተና ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ ዕቃው በጅቡቲ ወደብ አልፎ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከደረሰ በኋላ ግን ጉድለቱ ቢታወቅ የሚጠቀም የለም። ከሶማሌ ተራ ገዝቶ ወደ ወሎ የሚያወርደው ቸርቻሪም ይህንኑ ፈተና በገዛ እጁ ሊያደርገው ይችላል።

ባለሱቁ ደግሞ ዕቃውን በአንድ ጥቅል አሰናድቶ ቢሸጥ ደንበኛውን ከስሕተት ያድነዋል። በጥቅሉ ውስጥ ሁለት ወይም አራት ብርቱካናማ መብራቶች፣ የሚስማማ ፍላሸር፣ ማያያዣዎች፣ በቂ ሽቦ፣ ልኩ የሆነ ፊውዝና ለኋላ የሚሆን ቀይ አንጸባራቂ ፕላስተር ይኑር። አንጸባራቂው ባትሪ አይፈልግም፣ አይቃጠልም፤ የሞተሩ ኤሌክትሪክ ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ የሾፌሩን መብራት መልሶ ይሰጣል። ገንዘቡ ለሁሉ ለማይበቃው ደንበኛ መጀመሪያ የሚመከረውም እርሱ ነው።

ደንበኛ ሲመጣ የሚጠየቁት ጥያቄዎች አራት ናቸው። ሞተር ብስክሌቱ ምን ዓይነት ነው? ምን ይጫንበታል? ነባሩ ፍሬቻ ይሠራል? ባትሪው እንዴት ነው? ብዙ ጊዜ ለሦስተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ አምፑል መቃጠሉን ይገልጣል። እንዲህ ሲሆን አምፑሉን ብቻ ሸጦ ደንበኛውን ማሰናበት የዕለቱን ትርፍ ቢያሳንስም፣ ያ ሰው ለሚቀጥለው ጎማና ሰንሰለት ወደዚያው ሱቅ መመለሱ አይቀርም። ሰማያዊና ቀይ ብልጭታ የሚጠይቀውን ወጣት ግን እምቢ ማለት ይገባል። መብራት በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ስለ ሆነ፣ ነባሩን የሚለውጥ ነገር ከመደረጉ በፊት የሚመለከተውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መጠየቅ፣ ቦሎ በሚታደስበት ቀን ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

ማሽላው በቆመበት ወራት አንድ ሞተረኛ ሁለት ከረጢት ጭኖ፣ ጥላው በሜዳው ላይ በወረደበት ሰዓት ከጎብዬ ወጥቶ ወደ ግራ ወደ እርሻው ሊታጠፍ ነው እንበል። በኋላው ጭነት የያዘ መኪና ይከተለዋል። የመኪናው ሾፌር የሚያየው ከረጢቱን ብቻ ከሆነ ሊቀድመው ወደ ግራ ይወጣል። ከከረጢቱ ጎን ወጣ ብላ የምትብለጨለጭ ብርቱካናማ መብራት ካየ ግን እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሣል፤ ሞተረኛውም ታጥፎ ወደ ቤቱ ይገባል። በእነዚያ አምስት ሰከንዶች ውስጥ መብራቷን የመረጠው አስመጪ፣ ፍላሸሯን ጨምሮ የሸጠው ባለሱቅና ቦታዋን አስተካክሎ የገጠመው ሠራተኛ ሁሉም ሥራቸው ተፈትኗል።